ስምንት ኪሎ ወርቅ በወገብ

በኦገስት 1887 አንድ የ32 ዓመት ፈረንሳዊ ካይሮ ተቀምጦ ለቤተሰቦቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ወገቡ ላይ ከ16 ሺህ ፍራንክ በላይ የሚያወጣ ወርቅ በቀበቶ ታጥቋል። ክብደቱ እሱ እንደሚለው ስምንት ኪሎ ገደማ ነው። እንዳይሰረቅ ፈርቶ ከወገቡ አይፈታውም። እና በደብዳቤው ስለ ወርቁ የሚያወራው በደስታ አይደለም፤ ክብደቱ ተቅማጥ እንደለቀቀበት እያማረረ ነው።

ሰውየው አርተር ራምቦ ነው። ፈረንሳዮች ከታላላቅ ገጣሚዎቻቸው አንዱ ይሉታል። እሱ ግን ግጥምን ገና በ20ዎቹ መግቢያ እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ ሆነ፤ ከነጋዴነት ዘመኑ ግማሽ ያህሉን ያሳለፈው እኛው ጋ፣ ሐረር ነው። ጀጎል የሄደ ሰው «ራምቦ ቤት» ሳያይ አይመለስም። (በነገራችን ላይ ያንን የሚያምር የእንጨት ቤት ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ ከሞተ በኋላ።)

ስለ ግጥሙ የሚያወሩ ብዙ ናቸው። እኔን የሚስበኝ ሒሳቡ ነው። ገንዘብ ሲጨምር ደስታ ይጨምራል ወይ ሲባል አንዱ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል፣ ሌላው ገንዘብ ደስታ አይገዛም ይላል፣ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። የ1880ዎቹ ጀጎል ግን ከተረት የተሻለ ነገር አለው። አንድ ግንብ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ ያንኑ ጠገራ ብር ሰዎች ለሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ሲጠቀሙበት እናያለን። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቡና፣ ቆዳ፣ ጠገራ

ራምቦ ሐረር የገባው በዲሴምበር 1880 ነው። ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች፤ በ1875 ይዘዋት እስከ 1885 ቆይተውባታል። እሱን የላከው መቀመጫውን ኤደን ያደረገው የአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ድርጅት ነው። ሥራው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ገዝቶ በግመል ወደ ባሕር መላክ ነበር። ከደመወዙ ሌላ ከትርፉ ድርሻ ነበረው።

የዚያን ጊዜ ገንዘብ የሚመዘን ነገር ነው። አንዷ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ትመዝናለች። አንድ ሺህ ብር አለኝ የሚል ሰው 28 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ አለው ማለት ነው። እኛ በስልክ ሁለት ጊዜ ነክተን የምናስተላልፈውን ለማንቀሳቀስ አጋሰስ፣ ጠባቂና የሳምንታት መንገድ ያስፈልግ ነበር።

የራምቦ እቅድ ቀላል ነው፦ ጥቂት ዓመት ጠንክሮ መሥራት፣ ጥቂት ሺህ ፍራንክ መቋጠር፣ ከዚያ ሄዶ በወለዱ እየኖሩ ማረፍ። ይህ ሐሳብ በደብዳቤዎቹ ውስጥ እየተመላለሰ ይመጣል። የሚለዋወጠው ቀኑ ነው። የዘንድሮው ለከርሞ፣ የከርሞው ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

በ1885 ከባርዴ ተለያየና ትልቁን ቁማር ጀመረ። ፒየር ላባቱ ከሚባል ሸሪኩ ጋር ሆኖ ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎችን ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ተነሣ። ታጁራ ላይ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ተንጠልጥሎ ቀረ። ላባቱ ታመመና ሞተ። ራምቦ ብቻውን በረሓውን አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ በዚያው ጃንዋሪ ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። የጠመንጃውን ዋጋ ዝቅ አደረጉበት፣ የሟቹን ሸሪኩን ዕዳም ከዚያው ላይ ቀነሱበት። የቀረውን አዲሱ የሐረር ገዥ ደጃዝማች መኮንን እንዲከፍሉት ታዘዘለትና ተመልሶ ወደ ሐረር ሄደ። ያ ካይሮ ላይ ወገቡን ያጎበጠው ወርቅ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። እሱ ራሱ እንደሚያሰላው፣ ከሁለት ዓመት ገደማ መከራ በኋላ በእጁ የቀረው ሲጀምር ከነበረው ያን ያህል አይበልጥም።

በ1888 እንደገና ሐረር መጥቶ የራሱን ንግድ ከፈተ፤ ኤደን ካለው ሴሳር ቲያን ጋር እየተሻረከ። አሁን ድሃ አይደለም። ይነግዳል፣ ያተርፋል፣ ገዥው ያውቁታል። ግን በዚያው ዓመት ኦገስት ለቤተሰቦቹ ሲጽፍ፣ እንደ እሱ የሚሰለቸው ሰው በሕይወቱ ዐይቶ እንደማያውቅ ይነግራቸዋል።

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ እኔን በግል የነካኝ በሜይ 1883 ከሐረር የጻፈው ነው። ብቸኝነት ክፉ ነገር መሆኑን ይናገርና፣ ባለማግባቱ ይቆጫል። ከዚያ አንድ ልጅ ቢኖረኝ ብሎ ይመኛል፤ በራሱ ሐሳብ አሳድጎ፣ ምርጥ ትምህርት አስተምሮ፣ ስሙ የተጠራ መሐንዲስ፣ በሳይንስ ኃያልና ሀብታም የሆነ ሰው ሲሆን ሊያየው። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ትንሽ ፈገግ አልኩ። የሀገራችን ወላጆች ሕልም ቃል በቃል ይኸው አይደል? ያው እሱም መጻሕፍት ያስልክ ነበር፤ ስለ ብረታ ብረት፣ ስለ ውኃ ሥራ፣ ስለ አናጺነት። ውድ የፎቶ ካሜራ አስመጥቶ ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ አንሥቷል። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። ብቻውን ነው የቆመው።

የሚቀመጥ ገንዘብና የሚቀመጡበት ገንዘብ

አሁን ከራምቦ መጋዘን ወጥተን ጥቂት ጠባብ መንገዶች እንለፍና አንድ ጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ እንግባ።

ከደጅ ሲታይ ምንም ነው። የድንጋይ አጥር፣ አንድ በር፣ በቃ። ሲገቡ ግን ዐይን የሚያርፈው ነደባ በሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ላይ ነው። አምስት ናቸው፤ ወለሉም እነሱም በቀይ አፈር የተለሰኑ። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው፤ አዋቂ እንግዳ፣ ጎረቤት፣ ወጣት ሁሉም እንደየደረጃው የሚቀመጥበት አለው። ከመደቦቹ በላይ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። የቤተሰቡ ሀብት እዚያ ላይ ተሰቅሏል ማለት ይቻላል፤ የገባ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ለሠርግና ለእንግዳ ሲሆንም ወርዶ ይበላበታል።

ይህንን ቤት እንደ ባላንስ ሺት አንብቡት። ገንዘቡ የት ገባ? ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ሆነ። ከቤቱ ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው ለሚመጣ ሰው የተዘጋጀ መቀመጫ ነው። ማንም ካልመጣ አምስት ነደባ ምን ይሠራል?

ሰው እንዲመጣ የሚያደርግ ሥርዓት ደግሞ ነበር፤ አለም። አፎቻ ይባላል። እድርን ለሚያውቅ ሰው ለመረዳት አይከብድም፤ ለሠርግም ለቀብርም የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። የወንዶችና የሴቶች አፎቻ ለየብቻ ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ሐረርን ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሲድኒ ዋልድሮን የአንድ ሐረሪ ሕይወት በሦስት ነገር እንደተያዘ ጽፏል፦ አህሊ፣ ማለትም ዘመድ፤ ከልጅነት ጀምሮ አብረው የሚዘልቁ ጓደኞች፤ እና አፎቻ። አንዱ ቢላላ ሌሎቹ ይይዙሃል።

አፎቻ የሚጠይቀው ከብር በላይ ነው፤ በአካል መገኘትን። ሀብታሙም ሄዶ ይቀመጣል፣ ሀብታሙም አስከሬን ይሸኛል። ሀብት ከአባልነት ነፃ አያወጣም፤ ምክንያቱም የትኛውም ሀብታም ራሱን ሊቀብር አይችልም።

ነገሩን ማር አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። እድር ያለበት ሰፈር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ይህ ዓይነቱ ሕይወት ዋጋ አለው። ጊዜ ይበላል። ሐሜት አለው። «ለምን አልመጣህም?» አለው። ወጣት ለሆነ፣ የራሱን ነገር መሥራት ለሚፈልግ ሰው አንዳንዴ ያፍናል። ራምቦም ከትውልድ ከተማው የሸሸው ከዚህ ዓይነት ዐይን ሳይሆን አይቀርም። ግን ሲሸሽ ያመለጠው ነገርና ሲሰለች የናፈቀው ነገር አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ።

ክፉ ቀን

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያው ገንዘብ ምንም አይደለም፣ ዋናው ፍቅር ነው» ብሎ ሊያጨበጭብ ይችላል። ቆይ።

ራምቦ ሐረር ተቀምጦ ተሰላቸሁ እያለ በሚጽፍባቸው ዓመታት ሀገሪቱ ከ1888 እስከ 1892 በቆየው፣ ክፉ ቀን በምንለው ረሃብ ውስጥ ነበረች። የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም የእህል ዋጋ ጣሪያ ነካ። በዚያ ጊዜ ጠገራ ያለውና የሌለው ሰው ልዩነት በደስታ መጠን አይለካም። አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይሞታል። ገንዘብ ደስታ አይገዛም የሚለውን አባባል ክፉ ቀን ላይ ለነበረ ገበሬ ንገሩት።

ሌላም አለ። የግንቡ ውስጥ ሞቅታ ለሁሉም የተዘረጋ አልነበረም። ጀጎል አምስት በሮች ነበሩት፤ ሲመሽ ይዘጋሉ። ለከተማዋ ቡናውንና እህሉን የሚያመርተው ገበሬ ከበሩ ውጭ ነው የሚያድረው። የባሪያ ንግድም በዚያው ገበያ ውስጥ ነበር። ያማረው ነደባ የተሠራበት ብር ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ስለ አብሮነት መጻፍ ግማሽ ታሪክ ነው።

ይህ ሒሳብ በ1967 ዓ.ም. ተወራረደ። የካቲት 25 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን፣ ከግንቡ ውጭ ባለ መሬታቸው ገቢ ይኖሩ የነበሩ የሐረሪ ቤተሰቦች ገቢያቸውን በአንድ ቀን አጡ፤ መሬቱን ያርስ የነበረው ጭሰኛ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን እህል በራሱ ጎተራ ከተተ። ለአንዱ ኪሳራ፣ ለሌላው ነፃነት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትርፍ የከተማ ቤቶችም ተወረሱ። ብዙዎች ተሰደዱ። አፎቻን ግን የሚወርስ አዋጅ አልነበረም፤ በስም መዝገብ ላይ ያለ ንብረት አይደለማ። መሬቱ ሄደ፣ ማኅበሩ ቀረ።

ከዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ መያዝ አለብን። ገንዘብ ማጣት እውነተኛ መከራ ነው፤ ማግኘትም ያንን መከራ ያነሣል። ካነሣው በኋላ ግን ባዶውን ቦታ ምን ይሞላዋል የሚለውን ገንዘቡ አይመልስም።

ቁጥሮቹ

ይህ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይሆን ተመራማሪዎች የሚሉትን እንይ።

በ1974 አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሪቻርድ ኢስተርሊን አንድ እንቆቅልሽ አስተዋለ። በአንድ ሀገር ውስጥ ሀብታሞች ከድሆች ይልቅ ደስተኛ ነን ይላሉ፤ ሀገሪቱ በጠቅላላው ስትበለጽግ ግን ደስታው አብሮ አያድግም። በ2010 ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን የአሜሪካኖችን መልስ ተንትነው፣ የዕለት ተዕለት የደስታ ስሜት በዓመት 75 ሺህ ዶላር ገደማ ላይ እንደሚቆም ጻፉ። ቁጥሩ ዓለምን አዳረሰ። በ2021 ግን ማቲው ኪሊንግስዎርዝ በስልክ አፕ ከ33 ሺህ በላይ ሰዎችን በየመሀሉ «አሁን ምን ይሰማሃል?» እያለ ጠይቆ፣ አይቆምም፣ ገቢ ሲጨምር ስሜቱም እያደገ ይሄዳል አለ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ደስ ይላል። ካህነማንና ኪሊንግስዎርዝ ከመሰዳደብ ይልቅ ባርባራ ሜለርስ የምትባል ተመራማሪ እያሸማገለቻቸው ዳታውን አብረው ፈተሹ፤ ውጤቱም በ2023 ወጣ። ለብዙው ሰው ገቢና ደስታ አብረው ያድጋሉ። ቀድሞውኑ በጣም ደስታ ለራቃቸው፣ ከአምስት አንድ ለማይሞሉ ሰዎች ግን ገንዘብ እስከ 100 ሺህ ዶላር አካባቢ ድረስ ሐዘናቸውን ይቀንስላቸዋል፤ ከዚያ ይቆማል። ድህነት የሚያመጣው ሕመም ታክሟል፤ የቀረው የልብ ስብራት፣ ብቸኝነት፣ ድባቴ ነው።

ልኩ የአሜሪካ ስለሆነ በእኛ ኑሮ አትተርጉሙት። ቅርጹን ብቻ ያዙ። የራምቦን የደብዳቤ ክምር ሳነብ የማየው ያንን ቅርጽ ነው።

ወደ እኛ ሠፈር የሚቀርበው የኬንያው ሙከራ ነው። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት በምዕራብ ኬንያ ለድሃ ቤተሰቦች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ጥሬ ገንዘብ ሰጠ። በ2016 የታተመው የዮሐንስ ሃውስሆፈርና የጀረሚ ሻፒሮ ጥናት፣ ተቀባዮቹ በተሻለ እንደበሉና በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ እንደጨመረ አሳየ። ግን በዚያው ሙከራ ላይ የተሠራ ሌላ ትንታኔ፣ ጎረቤት ሲያገኝ ያላገኘው ሰው እርካታ እንደሚቀንስ አገኘ። ነደባ ላይ በደረጃ መቀመጥ ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው የሚያውቅ ሰው አይደነቅም።

«ትንሽ ልያዝና»

ይህንን ሁሉ ለምን እንደማነሣ ልናገር። በእኔ ዕድሜ ካሉ፣ በተለይ በእኔ ሙያ ካሉ ልጆች ጋር ስንገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «ትንሽ ልያዝና…»። ትንሽ ልያዝና እወጣለሁ። ትንሽ ልያዝና አገባለሁ። ትንሽ ልያዝና ቤተሰብ አያለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በዶላር የሚከፈላቸው የማውቃቸው ልጆች ያለምንም ተጨማሪ ሥራ ገቢያቸው በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የ«ትንሽ» ትርጉምም አብሮ እጥፍ ሆነ።

ሐሳቡ ስህተት ነው አልልም። የቤት ኪራይ የሚያሳድደው ሰው ትንሽ መያዝ አለበት፤ ጥናቱም ይህንኑ ይላል። የሚያሰጋኝ ኑሮውን ራሱን በቀጠሮ መያዙ ነው። ራምቦ ሐረር ውስጥ በድምሩ አምስት ዓመት ያህል ኖሯል፤ በራሱ ሒሳብ ግን አንድ ቀን እንኳ አልኖረባትም። ሁልጊዜ ሊሄድ ነው። በ1890 ለእናቱ መጥቶ ማግባት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ግን እዚያ መቅረትም፣ የሐረሩን ሥራ መተውም እንደማይችል አብሮ ይጽፋል።

750 ጠገራ

በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አበጠ። መራመድ ሲያቅተው ቃሬዛ አሠርቶ 16 ተሸካሚዎች ቀጠረ፤ በኤፕሪል ከሐረር ወጥተው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክመው ዘይላ አደረሱት። ኤደን ላይ ከቲያን ጋር ሒሳቡን ዘጋ፦ 37 ሺህ 450 ፍራንክ። በጊዜው ምንዛሪ ወደ ጠገራ ብር ብንመልሰው ከ260 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የአሥር ዓመት ልፋት፣ በመጨረሻ በአንድ ወረቀት ላይ። በሜይ ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ እግሩ ተቆረጠ። ራስ መኮንን ይህንን ሰምተው ከሐረር ደብዳቤ ላኩለት፤ ለነገሩ ሰው አልጠላውም ነበር። ኖቬምበር 10 ቀን ሞተ፤ ገና 37 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ለእኅቱ ለኢዛቤል ያጻፈው የመጨረሻው ደብዳቤ የዝሆን ጥርስ ቆጠራ ይዞ ይጀምርና፣ ስንት ሰዓት ወደ መርከብ እንደሚያስገቡት ይጠይቃል። ለሚስተር እገሌ፣ ለመርከብ ድርጅት ዲሬክተር የተጻፈ ነው።

ግን ሒሳቡ ውስጥ ሌላ መስመርም አለ። ባርዴ ከዓመታት በኋላ ስለ ራምቦ ሲመሰክር፣ ለድሆች በድብቅና በልግስና ይሰጥ እንደነበር፣ ሳያሾፍ ከሚያደርጋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱም ይህ እንደነበር ጽፏል። በ2008 ካናዳ ውስጥ በተሠራ አነስተኛ ሙከራ፣ 5 ወይም 20 ዶላር ተሰጥቷቸው ለሌላ ሰው እንዲያወጡት የተነገራቸው ሰዎች ለራሳቸው እንዲያወጡ ከተነገራቸው ይልቅ ማታ ደስተኛ ሆነው ተገኝተዋል፤ የገንዘቡ መጠን ለውጥ አላመጣም። ራምቦ ይህን ሳያውቀው አይቀርም ነበር ማለት አልችልም። ሲያደርገው ግን ኖሯል።

በመጨረሻ አልጋው ላይ ሆኖም ሐረር የተወውን አገልጋዩን ጃሚን ይጠራ ነበር። 3 ሺህ ፍራንክ፣ ማለትም 750 ጠገራ እንዲሰጠው ተናዘዘ። ኢዛቤል ገንዘቡን ላከች። ብሩ ሐረር ሲደርስ ጃሚ ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ተሰጠ።

ለእኔ ከ37 ሺህ 450ው ውስጥ የሰው ስም የተጻፈበት ይህ ነው። እሱም ዘግይቶ ደረሰ። ብር መያዝ የምንችለውን ያህል እንያዝ፤ ግን ስሙ ያልሞተ፣ ነገ ልንሄድበት የምንችል ቤት ያለው ሰው ካለ፣ የእሱን ድርሻ «ትንሽ ከያዝኩ በኋላ» ውስጥ ባንከተው ጥሩ ነው።